ላፕቶፔ ሲሞት የእማሆይ ግመሎች ወዴት ሄዱ?

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና ያቀረባችሁ እስኪፈላ አንብቡት። ነገሩ ስለ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ነው። ግን የታሪክ አስተማሪ ነኝና ዞሮ ዞሮ ወደ ታሪክ መግባቴ አይቀርም። መጨረሻ ላይ ደግሞ የምለምናችሁ ነገር አለ።

ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ ነው። አንድ ማታ ፍኖተ ሰላም፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ የድሮ የድምፅ ቅጂዎችን እያዳመጥኩ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ። መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ስለቆየ እሱም አብሮ ጠፋ። መብራቱ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ስከፍተው ከውስጡ «ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስክሪኑ ጨለማ። ከዚያ በነጭ ፊደል አንዲት መስመር እንግሊዝኛ መጣች፤ የሚነሳበት ዲስክ አላገኘሁም የምትል።

ጠዋት ይዤው ወደ አንድ ጥገና ቤት ሄድኩ። ልጁ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ላፕቶፑን ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ቲቸር፣ ሃርዱ ሞቷል። መርፌው ነው እንዲህ የሚለው።»

«ምን ይሻላል?»

«የሚፈልጉት ላፕቶፑን ነው ወይስ ውስጡ ያለውን?»

«ሁለቱንም ነዋ!»

«ላፕቶፑ ቀላል ነው» አለኝ። ስለ ሌላው ምንም አላለም።

ውስጡ ምን ነበር? የፈተና ጥያቄዎች፣ ማስታወሻዎች፣ የሠርግ ፎቶዎች ነበሩ። እሱ ይሁን። ዋናው ግን አስራ አንድ የድምፅ ቅጂዎች ነበሩ። ከ2012 እስከ 2014 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ክረምትና ቅዳሜ እሑድ እየጠበቅኩ፣ አንዳንዴም ተማሪዎቼን አስከትዬ፣ በቡሬ፣ በማንኩሳ፣ በጂጋና በደምበጫ ዙሪያ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች ከአዛውንቶች የቀዳሁት ነው። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ በጣሊያን ጊዜ ያያችሁት፣ ወይም ከአባቶቻችሁ የሰማችሁት ምንድን ነው?

ለምን ይህን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። የ1933 ዓ.ም.ን ነገር በመማሪያ መጽሐፍ ስናስተምር ንጉሠ ነገሥቱ ጥር ውስጥ ከሱዳን ድንበር ተሻገሩ፣ ከአርበኞችና ከእንግሊዞች ጋር በጎጃም አልፈው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ ብለን እናልፋለን። «በጎጃም አልፈው» የምትለዋ ሁለት ቃል ግን ሰፈራችን ናት! የዊንጌት ጌዴዎን ጦር የተዋጋው ቡሬ ላይ ነው። ጣሊያን የካቲት 25 ቡሬን ለቅቆ ያፈገፈገው በማንኩሳና በደምበጫ መንገድ ነው። ዛሬ ባጃጅና አይሱዙ የሚጋፉበት መንገድ መሆኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ነው። ይህን ያዩ ዓይኖች ደግሞ በየዓመቱ እየተከደኑ ነው።

ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ያነጋገርኳቸው አንዲት እማሆይ ያን ጊዜ ስምንት ዓመት ገደማ ይሆናቸው ነበር። ስለ ጦርነቱ ስጠይቃቸው ስለ ጄኔራልም ስለ መድፍም አልነገሩኝም። የነገሩኝ ስለ ግመል ነው።

«ልጄ፣ እኛ ግመል የት እናውቃለን? አንገቷ የረዘመ አህያ መጣች ብለን ሮጥን። ኋላ ግን አሳዘኑን። መንገድ ለመንገድ ወድቀው ይሞታሉ። ሽታው ከብት አላሰማራ አለን። እናቴ አፍንጫዬን በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች ነው ውኃ የወረድነው።»

ይህ እውነት ነው። የጌዴዎን ጦር ስንቁንና ጥይቱን ከሱዳን ያመጣው በሺዎች በሚቆጠሩ ግመሎች ነበር። የበረሃ እንስሳ ዳገቱንና የደጋውን ብርድ አልቻለም፤ አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። የወታደሮቹ መጻሕፍት ይህን በቁጥር ይጽፉታል። ሽታው ለአንዲት የስምንት ዓመት የቡሬ ልጅ ምን እንደነበር ግን የተቀመጠው እማሆይ ዘንድ ነበር። ከዚያ ደግሞ እኔ ላፕቶፕ ውስጥ። እማሆይ በ2015 ዓ.ም. ዐረፉ። ላፕቶፑ ደግሞ ይኸው «ቀጭ ቀጭ» ይላል።

እንግዲህ አስቡት፤ ያን ዕለት ጥገና ቤት በርጩማ ላይ ስቀመጥ ምን እንደተሰማኝ።

ልጁ ኋላውን ፈትቶ ዲስኩን አወጣና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። መዳፍ የምታህል፣ ቀዝቃዛ የብረት ሳጥን። ውስጧ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ክብ ሳህን አለ። ሳህኑ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፤ በሴኮንድ 90 ዙር ማለት ነው። በላዩ ላይ አንባቢዋ መርፌ ትንሳፈፋለች። መርፌ እንላታለን እንጂ እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ አትነካም። በእሷና በሳህኑ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ሳህኑ እየዞረ ብትነካው ትቧጭረዋለች። የተቧጨረው ደግሞ ጽሑፉ ነው። ያ «ቀጭ ቀጭ» መርፌዋ ቦታዋን ፈልጋ ስታጣ፣ ተመልሳ ስትነሳ፣ ደግሞ ስታጣ ነው።

ይህን ነገር ማን ፈጠረው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ!

ሬይኖልድ ጆንሰን ይባላል። አሜሪካ ውስጥ፣ ሚሺጋን፣ የሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ አስተማሪ ነበር። ፈተና ማረም ሰልችቶት (ይህን ለአስተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም) በእርሳስ የጠቆረ መልስን የሚያርም ማሽን ሠራ። የእርሳስ ምልክት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ማሽኑ ያንን ለይቶ ይቆጥራል። አይቢኤም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1934 ቀጠረው። ተማሪዎቻችን ለብሔራዊ ፈተና እርሳስ እየቀረጹ ክቧን የሚያጠቁሩባት ወረቀት የዚያ ሐሳብ ዘመድ ናት።

ይኸው ሰው በኋላ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ቡድን መርቶ የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ አወጣ። ራማክ የተባለው ማሽን ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1956 ነው፤ በእኛ መስከረም 1949 ዓ.ም.። እያንዳንዳቸው 61 ሳንቲሜትር የሚሰፉ 50 ሳህኖች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው በደቂቃ 1200 ጊዜ ይዞራሉ። ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ። ኩባንያዎች በወር 3200 ዶላር ነበር የሚከራዩት። የሚይዘው? 5 ሚሊዮን ፊደል፤ 5 ሜጋባይት በሉት።

የእማሆይ የአንድ ሰዓት ቅጂ 58 ሜጋባይት ነበር። እንግዲህ የእሳቸውን ጨዋታ ለመያዝ ከአስር በላይ ራማክ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው፤ አስር ቶን ብረት! እጄ ላይ የነበረችው 500 ጊጋባይት ዲስክ ደግሞ የመቶ ሺህ ራማክን ያህል ትይዛለች። እሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሌላውንም እዩት፦ መቶ ሺህ ማሽን ሊይዘው የሚችለው ነገር በአንዲት ማታ፣ በአንዲት መርፌ ስህተት ይጠፋል።

ልጁ በምትኩ የሚገባውን ኤስኤስዲ ከባሕር ዳር በሚኒባስ አስመጣልኝ። 240 ጊጋባይት ነው። የድሮው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ኪሴ የቻለው እሱን ነው። መጠኑ ግን አንድ ዓይነት ነው፦ 2.5 ኢንች የሚባለው፣ ሰካውም ሳታ የሚባለው። ስለዚህ የድሮው ከወጣበት ቦታ ልክ ይገባል። ቻርጀሩ ተነቀለ፣ ባትሪው ወጣ፣ አራት ብሎን ተፈታ፣ ሞቱ ከማቀፊያው ወጣ፣ ሕያው ገባ፣ አራት ብሎን ታሰረ። ከዚያ ከፍላሽ ላይ ዊንዶውስ ተጫነ። ምን አለፋችሁ፣ ድሮ ከፍቼው ቡና አፍልቼ ስመለስ ገና የሚያስብ የነበረው ላፕቶፕ ሃያ ሴኮንድ ሳይሞላ ተነሣ። አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ መምህራን፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ብቻ ስትገዙ ዋጋው ከገበያው በጣም የወረደውን ተጠንቀቁ፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ያህል የማይዝ አስመሳይ ዕቃ አለ። ሻጩ ፊት ሰክታችሁ አስፈትሹ።

ፍጥነቱ ከየት መጣ? ኤስኤስዲ ውስጥ የሚዞር ሳህን የለም፣ መርፌ የለም። ያለው ቺፕ ነው። ፍላሽ ሜሞሪ የሚባለውን የፈጠረው የጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም አስተዋወቀው፤ ዛሬ በስልካችንም በኤስኤስዲም ውስጥ ያለውን ናንድ የሚባለውን ዓይነት በ1987 አቀረበ። ስሙን ያወጣው የሥራ ባልደረባው ነው ይባላል፤ ጽሑፉ በአንድ ጊዜ ሲጠፋ የካሜራ ብልጭታ አስታውሶት። በ1991 ሳንዲስክ ለላፕቶፕ የሚሆን ኤስኤስዲ ሲያወጣ 20 ሜጋባይት ብቻ ይዞ ዋጋው 1000 ዶላር ገደማ ነበር።

አሠራሩን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በብራና ነው። ቺፑ ውስጥ እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ጎጆዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ጎጆ ኤሌክትሮን አስሮ ይይዛል። መታሰሩና አለመታሰሩ ነው ጽሑፉ። የተጻፈበት ጎጆ ላይ ግን እንዲሁ ደርቦ መጻፍ አይቻልም። መጀመሪያ መፋቅ አለበት፤ ለዚያውም አንዱን ለብቻው ሳይሆን ሰፈሩን በሙሉ። ብራና ጸሐፊ የተሳሳተውን በካራ ፍቆ እንደገና እንደሚጽፈው ማለት ነው። ብራና በተፋቀ ቁጥር ይሳሳል፤ ደጋግመህ ከፋቅከው ይበሳል። ፍላሽም በተፋቀ ቁጥር ይደክማል። ስለዚህ ኤስኤስዲም ዕድሜ አለው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ኤስኤስዲ አስገባሁ፣ አሁን ዳታዬ አይጠፋም» ይላል። አይደለም ወገን! ኤስኤስዲ ቢወድቅ ከሃርድ ዲስክ ይሻላል፣ ቢንቀጠቀጥ ይችላል። ሲሞት ግን ብዙ ጊዜ «ቀጭ» እንኳ አይልም። ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ተጽፎበት ያለ ኤሌክትሪክ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ደግሞ የታሰረው ኤሌክትሮን ቀስ በቀስ ሊያመልጥ ይችላል። ከስህተት ያጠፋኸውን ፋይል መልሶ ማግኘትም ከሃርድ ዲስኩ ይልቅ ይከብዳል። ፈጣን ሌላ፣ ዘላለማዊ ሌላ።

ታዲያ ምንድን ነው ነገርን የሚያቆየው? የታሪክ አስተማሪ የማውቀው መልስ አንድ ነው፦ መገልበጥ።

ብራና ጠንካራ ነው እንላለን፤ ነውም። ግን ብራናም ይቃጠላል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ይሰረቃል። አባቶቻችን መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ብለው የሚጽፉት ስለሚያውቁት ነው። መጻሕፍቱ እዚህ የደረሱት ግን በውግዘቱ ብቻ አይደለም። አንዱ ደብር ከሌላው ደብር እየተዋሰ፣ አንድ ጸሐፊ ወራት ፈጅቶ እየገለበጠ ነው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ሌላው ዘንድ ይገኛል። ቅኔውና ዜማው ደግሞ በቆሎ ተማሪው ጭንቅላት ከደብር ወደ ደብር ይዞራል። ያ ነው የእኛ መጠባበቂያ።

በኛ ዘመን ደግሞ ማይክሮፊልሙን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ባለሙያዎችን ካሜራ አሸክሞ ከየደብሩና ከየገዳሙ መጻሕፍትን ፎቶ አስነሣ። አብዮት መጣ፣ ሥራው ቀጠለ። በመጨረሻ 9 ሺህ ያህል መጻሕፍት በፊልም ተቀረጹ፤ ቅጂው አዲስ አበባም፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው ቤተ መጻሕፍትም ተቀመጠ። እነዚያን ፊልሞች አንድ በአንድ አንብቦ ካታሎግ ሲያዘጋጅ ዕድሜውን የጨረሰው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነው። በ1968 ዓ.ም. ወታደሮች ቤቱ መጥተው በጥይት ተመትቶ፣ ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ነው ይህን የሠራው። በ2013 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ሥራው ግን አለ። መጽሐፉ በነበረበት ቦታ አንድ ነገር ቢደርስበት እንኳ ምስሉ ሌላ ቦታ ይገኛል።

እኔስ? የታሪክ አስተማሪው? ይህን ሁሉ እያስተማርኩ የአስራ አንድ አዛውንት ድምፅ በአንዲት ሳህን ላይ ብቻ አስቀምጬ ነበር! «ጉግል ድራይቭ ላይ እጭነዋለሁ» ስል ዛሬ ነገ እያልኩ፣ የ2015 ክረምት መጣና የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ደግሞ ረሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።

አሁን የተረፈውን ልንገራችሁ።

ዲስኩን ከፍቶ መረጃ የሚያወጣ ባለሙያ አዲስ አበባ አለ ተብሎ አስጠየቅኩ። የተነገረኝ ዋጋ ከወር ደመወዜ ይበልጣል፤ «እናወጣለን ብለን ግን ቃል አንገባም» አሉ። ስለዚህ ዲስኩ በጨርቅ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ነው። እንዳትከፍቱት፣ ደጋግማችሁም እንዳታስነሱት፤ ባስነሳችሁት ቁጥር መርፌዋ የተረፈውን ትቧጭራለች። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው የሚላችሁንም አትስሙ።

ከዚያ ሰዎች ዘንድ ፍለጋ ጀመርኩ። የእማሆይ የልጅ ልጅ ለተዝካራቸው ድምፃቸውን ፈልጎ በዜንደር ልኬለት ነበር። ደወልኩ። «አለ እንጂ መምህር፣ እናቴ ሁልጊዜ ትሰማዋለች» አለኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አለቀስኩ ብል አላፍርም። እንዲሁ እየጠየቅኩ የሌሎች ሦስት አዛውንቶች ቅጂ ከቤተሰብና ከቀድሞ ተማሪዎች ስልክ ላይ ተገኘ። አራት ተረፉ። የተረፉት ጠንቃቃ ስለነበርኩ አይደለም፤ ሰው ወድዷቸው ስለወሰዳቸው ነው።

ሰባቱ የሉም። ከሰባቱ አንዱ ከማንኩሳ ወዲያ ያሉ አባት ነበሩ፤ አባታቸው አርበኛ ነበር። ጣሊያን በሸሸበት ሌሊት መንደሩ ያደረገውን ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ሰዓት ተኩል አወጉኝ። እሳቸውም ዐርፈዋል። የቀረኝ ደብተሬ ላይ ያለ ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ነው። «ውሾቹ አልጮኹም» ይላል አንዱ መስመር። ለምን እንዳልጮኹ ነግረውኛል፤ አልጻፍኩትም፤ ድምፁ አለ ብዬ። አሁን አላስታውሰውም። ወደ እነዚያ ቀበሌዎች ደግሞ እንደ ድሮው መመላለስ አልተቻለም።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ፦ አንድ ቅጂ አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ፣ አንድ ቅጂ ሌላ ሰው ቤት በሚቀመጥ ውጫዊ ዲስክ ላይ፣ ኢንተርኔት ሲኖር አንድ ቅጂ ኢንተርኔት ላይ። አራተኛው ግን ዋናው ነው። በሜሞሪ ካርድ ለቤተሰቡ ይሰጣል። የእነሱ ነውና። ዋና ዋናውን ደግሞ በእጄ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ደብተር መብራት አይፈልግም።

ልመናዬ ይኸው። ከ2012 እስከ 2014 ዓ.ም. አብራችሁኝ የወጣችሁ ተማሪዎች፣ አሁን አዲስ አበባም ሁኑ ባሕር ዳር፣ አረብ አገርም ሁኑ፣ የድሮ ስልካችሁን፣ የተሰበረውንም ቢሆን፣ ሜሞሪውን አውጥታችሁ ፈትሹልኝ። «ድምፅ» ወይም «ሪከርዲንግ» የሚል ፎልደር ካለ እንዳታጠፉት፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የማንኩሳው አባት ድምፅ የመጀመሪያ ደቂቃው ላይ ዶሮ ይጮኻል፤ እሳቸውም «እሽ በሏት» ብለው ይስቃሉ። በዚያ ታውቁታላችሁ።